የጥንቷን ሕንድ ታሪክ ማን ጻፈው? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስለ ጥንቷ ሕንድ ባነበብሁ ቁጥር ሁለት የማይታረቁ ወገኖች ያጋጥሙኛል። አንደኛው ‹የጥንቷን ሕንድ ታሪክ የፈጠሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ስለዚህ እንደገና መጻፍ አለበት› ይላል። ሌላኛው ‹እንደገና እንተርጉም የሚሉት ናቸው ታሪኩን የሚያዛቡት› ይላል። ለመሆኑ ሊቃውንቱ የጠፋውን ታሪክ በምን መንገድ አገኙት? እንደገና መተርጎምስ ከማዛባት በምን ይለያል? ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ነገርስ አለ?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከክርክሩ ይልቅ ከማስረጃው ብንጀምር ይሻላል። በዚህ ጉዳይ ከሚሟገቱት ብዙዎቹ ማስረጃው ከየት እንደተገኘ፣ ማን እንዳነበበውና ለማንበብ ምን ያህል እንደተደከመ ሳይነግሩን ወደ ድምዳሜው ያልፋሉ፤ ግራ ያጋባዎትም ይኸው ይመስለኛል። ሥራዬ የጥንት ጽሑፎችን ማጥናት በመሆኑ የምጀምረው ከድንጋዩ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ ቱግሉቅ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረቡ ሁለት ግዙፍ ዓምዶችን ከቆሙበት ስፍራ አስነቅሎ ወደ ከተማው አስመጣ። በዓምዶቹ ላይ በጥንቃቄ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረ። ሱልጣኑ ብራህማን የተባሉትን የሂንዱ ካህናት ሊቃውንት ጠርቶ ቢያስጠይቅም የሚያነበው አልተገኘም። ይህ የሆነው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ወደ ሕንድ ከመምጣታቸው ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬዋ አፍጋኒስታን እስከ ደቡብ ሕንድ የዘለቀ ግዛት የነበረው ሰው ነው። ስሙ በብራህማኖች የነገሥታት ዝርዝርና በቡድሃ ተከታዮች መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፍ ያለው ስምና በድንጋይ ላይ ያለው ቃል ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። በእኛ አገር የኢዛናን የግእዝ ጽሑፍ ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት ከተለማመደ በኋላ ሆሄ በሆሄ ሊከተለው ይችላል፤ ፊደሉ ከእጃችን ወጥቶ አያውቅምና። በሕንድ ግን ብራህሚ የሚባለው ጥንታዊ ፊደል በየክፍለ አገሩ እየተለወጠ የዛሬዎቹን የሂንዲ፣ የቤንጋሊ፣ የታሚልና የሌሎችንም ቋንቋዎች ፊደላት ሲወልድ ልጆቹ እናታቸውን መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ተራራቁ።

ፊደሉን የፈታው ጄምስ ፕሪንሴፕ በካልካታ የገንዘብ ማምረቻ የወርቅና የብርን ጥራት የሚመረምር እንግሊዛዊ ነበር። የአፈታቱ መንገድ ለአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ ግልጽ ስለሚሆን ዘርዘር ላድርገው። ብራህሚ እንደ እኛ ፊደል ነው፦ እያንዳንዱ ሆሄ ከነድምፁ ይጻፋል፤ ድምፁ ሲለወጥም በሆሄው ራስ፣ ጎን ወይም እግር ላይ ትንሽ ምልክት ይቀጠላል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብሎ የቆጠረ ልጅ ይህን ሥርዓት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ፕሪንሴፕ ምልክቶቹን እየለየ በሠንጠረዥ ካስቀመጠ በኋላም ቢሆን የትኛው ሆሄ የትኛው ድምፅ እንደሆነ አላወቀም ነበር። ክርስቲያን ላሰን የተባለው ሊቅ በ1836 በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ይገዛ የነበረ አጋቶክሊስ የተባለ የግሪክ ዘር ንጉሥ በግሪክኛና በብራህሚ ያስቀረጸውን ሳንቲም አስተያይቶ የተወሰኑትን ሆሄያት በትክክል አነበበ። በ1837 ደግሞ በማዕከላዊ ሕንድ ሳንቺ ከሚገኘው የቡድሃ መቅደስ የድንጋይ አጥር ላይ የተገለበጡ አጫጭር ጽሑፎች ፕሪንሴፕ እጅ ገቡ። ሁሉም የሚያበቁት በተመሳሳይ ሁለት ሆሄያት መሆኑን አየ። በየቤተ ክርስቲያናችን ምንጣፉ፣ ደወሉና መጋረጃው ላይ የሰጪው ስም እንደሚጻፍ ሁሉ፣ እነዚህም የለጋሾች ስሞች ቢሆኑና መጨረሻው «ስጦታ» የሚል ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ስጦታ በጥንታዊው የሕንድ ሊቃውንት ቋንቋ በሳንስክሪት «ዳናም» ነው። ግምቱ ልክ ሆነ፤ «ደ»ን፣ «ነ»ንና የ«ም»ን ነጥብ ካገኘ በኋላ ሌላው በሳምንታት ውስጥ ተፈታ። ከነገሥታት አዋጅ ቀድሞ የተነበበው መቅደሱን በትንሽ በትንሹ ያሠሩ ተራ ምእመናን ስጦታ መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ታሪኩ ወዲያው ቀና አላለም። በዓምዶቹ የሚናገረው ንጉሥ ራሱን «ዴቫናምፒያ ፒያዳሲ» ይላል፤ ትርጉሙ «በአማልክት የተወደደ፣ በበጎ ዓይን የሚያይ» እንደማለት ነው። ፕሪንሴፕ በመጀመሪያ የስሪላንካ ንጉሥ መሰለው። ስሕተቱን ያረመው በዚያው ደሴት በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረው ጆርጅ ተርነር ሲሆን፣ በፓሊ ቋንቋ በተጻፈ የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ፒያዳሲ የአሾካ ሌላ ስሙ እንደሆነ አገኘ። ከዚህ በኋላም ለ78 ዓመታት ያህል ጉዳዩ በመጽሐፍ ምስክርነት ላይ ብቻ የቆመ ነበር። በ1915 ግን በደቡብ ሕንድ ማስኪ በተባለ ስፍራ ወርቅ የሚፈልግ መሐንዲስ «አሾካ» የሚለውን ስም በግልጽ የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ አገኘ፤ ግምቱም ጸና። ዘመኑ የታወቀውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። አሾካ በ13ኛው የዓለት አዋጁ በዘመኑ የነበሩ አምስት የግሪክ ነገሥታትን በስም ይጠራል፤ ከእነርሱም አንዱ የግብፁ ዳግማዊ በጥሊሞስ ነው። የእነዚህ ነገሥታት ዘመን ከሌላ ምንጭ ስለሚታወቅ አምስቱም በሕይወት የነበሩባቸው ጥቂት ዓመታት ተሰልተው አዋጁ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ እንደተጻፈ ተወሰነ።

እንግዲህ «እንግሊዞች ፈጠሩት» ለሚለው ወገን መልሴ ይህ ነው። ዳናም የሚለውን ቃል በሳንቺ አጥር ላይ የቀረጸው እንግሊዛዊ አይደለም። በተጨማሪም ፕሪንሴፕን የሚያግዙት እንደ ካማላካንታ ቪዲያላንካር ያሉ የአገሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ስማቸው ከእርሱ ስም ጎን አለመነሳቱ ግን ሊታረም የሚገባው ግፍ ነው። የጁናጋድ ተወላጁ ባግዋንላል ኢንድራጂ በልጅነቱ በከተማው አጠገብ ያለውን የጊርናር ዓለት ጽሑፍ ለማንበብ ብሎ ጀምሮ በዘመኑ ካሉት የጽሑፍ መርማሪዎች ሁሉ ጥንቁቅ ለመሆን በቃ። በታሚል አገር ደግሞ ኡ. ቬ. ስዋሚናታ አይየር የተባለው መምህር ከመንደር መንደር እየዞረ በምስጥ ሊበሉ የደረሱ የዘንባባ ቅጠል ጽሑፎችን ሰበሰበ፤ ቅጂ ከቅጂ አመሳክሮም ከ1887 ጀምሮ ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውን የታሚል ግጥሞች ጭምር በኅትመት አወጣ። የገዛ አገሩ ምሁራን እንኳ ስማቸውን እንጂ ይዘታቸውን ያላወቋቸው ድርሰቶች ነበሩ። በ1905 አንድ የታንጃቩር ሊቅ ለማይሶር ቤተ መጻሕፍት ያስረከበውን የዘንባባ ቅጠል ጥራዝ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ሻማሻስትሪ ሲያገላብጥ ለብዙ ክፍለ ዘመናት ጠፋ የተባለውን ስለ መንግሥት አስተዳደር የሚናገረውን «አርታሻስትራ» አገኘ፤ በ1909 አሳተመው። የእነዚህን ሰዎች ድካም ለሌላ መስጠት ትክክል አይመስለኝም።

«እንግሊዞች ፈጠሩት» የሚለው ወገን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ግን አልልም። በቅኝ ግዛት ዘመን ማስረጃውን ያገኙትና ማስረጃውን ወደ ታሪክ ያቀናበሩት ሁልጊዜ አንድ ሰዎች አልነበሩም። በ1817 የሕንድን ታሪክ በሦስት ከፍሎ «የሂንዱ፣ የሙስሊምና የእንግሊዝ ዘመን» ያለው ጄምስ ሚል ሕንድን ረግጦ የማያውቅ፣ ከቋንቋዎቿም አንዱን ያልተማረ ሰው ነበር። መጽሐፉ ግን ወደ ሕንድ የሚላኩ ሹማምንት የሚማሩበት ሆነ። የሚል አከፋፈል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘመናት በሃይማኖት፣ ሦስተኛውን ግን «ክርስቲያን» ሳይል በአገር ስም መጥራቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከዚህ ጋር «የምሥራቅ ሰው የራሱ መሬት ኖሮት አያውቅም፤ ሁሉ የንጉሡ ነው፤ ታሪክም አልጻፈም» የሚል አስተሳሰብ ተያይዞ መጣ። ነገር ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ካልሃና የተባለው የካሽሚር ሊቅ የነገሥታቱን ታሪክ ሲጽፍ የቆዩ የድንጋይ ጽሑፎችን እንደመረመረ ራሱ ይነግረናል። በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተጻፉ በርካታ የመሬት ስጦታ ሰነዶችም መሬት ይሰጥ፣ ይሸጥ፣ ይወረስና ይሟገቱበት እንደነበረ ያሳያሉ።

እንደገና መተርጎም የምለው ከዚህ ይነሳል። የሒሳብ ሊቁ ዳሞዳር ኮሳምቢ (1907–1966) በቀደሙት ዘመናት ይገበይባቸው የነበሩ በማኅተም የተመቱ የብር ሳንቲሞችን በሺዎች እየመዘነ፣ ገንዘብ እጅ በእጅ ሲዘዋወር ብሩ እያለቀ ክብደቱ እንደሚቀንስ በስሌት ተጠቅሞ የትኛው ሳንቲም ከየትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ሞከረ። የንጉሥ ስም የሌለበት ሳንቲም በክብደቱ መናገር ጀመረ። በ1956 ባሳተመው መጽሐፉም ጥያቄውን ከ«ማን ነገሠ?» ወደ «ሕዝቡ ምን ያመርት፣ በምን ያርስ ነበር?» አዞረው። አዲስ ጥያቄ ሲጠየቅ ቀድሞ ጥቅም የሌለው ይመስል የነበረው ነገር ማስረጃ ይሆናል፤ ይህ በእኔ እምነት የሙያችን ትልቁ እርምጃ ነው።

አሾካን እንደ ሁለተኛ ምሳሌ ልውሰድ። ለረዥም ጊዜ የሚታወቀው ካሊንጋ በተባለው ምሥራቃዊ አገር 100,000 ሰው ካለቀበትና 150,000 ከተማረከበት ጦርነት በኋላ ተጸጽቶ ሰይፉን ያስቀመጠ ቅዱስ ንጉሥ ተደርጎ ነበር፤ ቁጥሮቹ የራሱ አዋጅ ቁጥሮች ናቸው። የታሪክ ሊቋ ሮሚላ ታፓር በ1961 ባወጣችው ጥናት ይኸንኑ አዋጅ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ንጉሡ ጸጸቱን በተናገረበት አዋጅ ውስጥ ለጫካ ነዋሪዎቹ ሕዝቦች የመቅጣት ኃይል እንዳለው ያስጠነቅቃል። ይህ አዋጅ በካሊንጋ ምድር በዳውሊና በጃውጋዳ በተቀረጹት ዓለቶች ላይ ደግሞ የለም፤ በምትኩ ለአካባቢው ሹማምንት የተሰጡ ሌሎች ሁለት ትእዛዞች ተጽፈዋል። ጸጸቱን ያላነበበው የተበደለው ሕዝብ ነው ማለት ነው። ታፓር «ዳማ» የሚለውን የአሾካ ትምህርት ልዩ ልዩ እምነትና ቋንቋ ያላቸውን ሕዝቦች በአንድ መንግሥት ለማኖር የታሰበ የሥነ ምግባር ፖሊሲ አድርጋ ተረጎመችው። በ1958 በካንዳሃር የተገኘው የግሪክኛና የአራማይክ አዋጅ ዳማን በግሪክኛ «እግዚአብሔርን መፍራት» ወይም «ጨዋነት» ሊባል በሚችል ቃል እንጂ በቡድሃ ሃይማኖት ስም አለመተርጎሙም ይህን አስተያየት ያጠናክራል። በዚህ ሥራ አንድም ቃል አልተጨመረም፤ ሳይነበብ የታለፈው ተነበበ እንጂ።

አርታሻስትራም እንደዚሁ ነው። ሲታተም የአሾካ አያት የነበረው የቻንድራጉፕታ ሚኒስትር ሥራ ነው ተብሎ የማውሪያ መንግሥት ታሪክ በእርሱ ላይ ተገነባ። ኋላ ቶማስ ትራውትማን በ1971 የአነስተኛ ቃላቱን ድግግሞሽ በስታቲስቲክስ መርምሮ ጽሑፉ ከአንድ እጅ እንዳልወጣ አሳየ፤ ዛሬ ብዙዎች ዋናውን ክፍል በክርስቶስ ልደት አካባቢ ወዳሉት መቶ ዓመታት ያወርዱታል። ብዙ ቆንጆ ምዕራፎች በዚህ ምክንያት ፈርሰዋል፤ መፍረስም ነበረባቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የኢንደስ ወንዝ ሥልጣኔ ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን በሃራፓ የሚገኘው ፍርስራሽ ጡቦች የላሆር–ሙልታን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ 160 ኪሎ ሜትር ለሚያህል መንገድ ድልዳል እንዲሆኑ ተወሰዱ። በ1861 የሕንድ የአርኪኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ የሆነው አሌክሳንደር ካኒንግሃም ከዚያው ስፍራ የተገኘ ማኅተም በ1875 አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን በማኅተሙ ላይ ያለው በሬ ሻኛ ስለሌለው የባዕድ አገር ዕቃ ነው ብሎ አለፈው። በ1921 ዳያ ራም ሳህኒ ሃራፓን፣ በ1922 ራካል ዳስ ባነርጂ ሞሄንጆ ዳሮን ቆፈሩ፤ ጆን ማርሻል ውጤቱን በ1924 ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ የሕንድ የከተማ ታሪክ በአንድ ጊዜ ወደ 2,000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ሞርቲመር ዊለር በሞሄንጆ ዳሮ ጎዳናዎች የተገኙ አፅሞችን አይቶ ከተሞቹን ያጠፏቸው ከሰሜን ምዕራብ የገቡ፣ የጥንቱን ሳንስክሪት የሚናገሩ አርያን የተባሉ ወራሪዎች ናቸው አለ። ታሪኩ ድራማ ስለነበረው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ገባ። በ1964 ግን ጆርጅ ዴልስ አፅሞቹ ከአንድ የአፈር ንብርብር፣ ማለትም ከአንድ ዘመን፣ እንዳልሆኑ፣ የጦርነት አሻራም እንደሌለ አሳየ፤ እልቂቱ ቀረ። ዛሬ የከተሞቹ መዳከም ከዝናም መቀነስና ከወንዞች መለዋወጥ ጋር ተያይዞ ይጠናል።

ወረራው ቀረ ማለት ግን ፍልሰት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ክርክሩ የሚዛባውም እዚህ ላይ ነው። ዊሊያም ጆንስ በ1786 ሳንስክሪት ከግሪክኛና ከላቲን ጋር ዝምድና እንዳለው ከተናገረ ወዲህ የቋንቋው ማስረጃ እየጠነከረ እንጂ እየላላ አልሄደም። በ2019 ሁለት የዘረመል ጥናቶች ወጡ። በሰሜን ሕንድ ሃርያና ግዛት፣ የኢንደስ ሥልጣኔ ከተማ በነበረችው ራኪጋርሂ ከ60 በላይ ናሙናዎች ተሞክረው ከአንዲት ሴት አፅም ብቻ ውጤት ተገኘ፤ በእርሷ ዘንድ ከመካከለኛው እስያ ሜዳ የመጣ የዘር ሐረግ የለም። በብዙ የዛሬ ሕንዳውያን ውስጥ ግን ይህ ሐረግ አለ፤ ሌላው ጥናት ወደ ደቡብ እስያ የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 እስከ 1500 ባለው ጊዜ ገደማ እንደሆነ ይገምታል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ፍልሰቱ ከከተሞቹ ማበብ በኋላ እንደሆነ ይረዳል። አንዱን ብቻ ይዞ «አርያን ከዚሁ ነበሩ» የሚል ግን የሴቲቱን አፅም ያልተናገረውን ያናግረዋል።

እንግዲህ በመተርጎምና በማዛባት መካከል ያለውን ድንበር የምለይበት መንገድ አንድ ነው፦ አዲሱ አነባበብ በምን ማስረጃ ሊሸነፍ እንደሚችል ባለቤቱ አስቀድሞ ይናገራል ወይስ አይናገርም? የታፓር አነባበብ በካሊንጋ ምድር 13ኛው አዋጅ ቢገኝ ይናጋል። የዴልስም ከአንድ ንብርብር የሆኑ የቆሰሉ አፅሞች ቢገኙ ይናጋ ነበር። በሌላ በኩል ከ20 ዓመት በላይ በፊት የኢንደስን ጽሑፍ ፈታን፣ ቋንቋውም ሳንስክሪት ነው ያሉ ጸሐፊዎች ፈረስ የተቀረጸበት ማኅተም አቅርበው ነበር፤ ፈረስ ቬዳ በተባሉት ጥንታዊ የሳንስክሪት ቅዱሳት መጻሕፍት ዋና እንስሳ በመሆኑ ማኅተሙ ብዙ ሊያስረዳላቸው ይችል ነበር። ሲመረመር ግን የተሰበረ የበሬ ማኅተም ደብዛዛ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ተነካክቶ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉ ራሱ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ወደ 400 የሚጠጉ ምልክቶች አሉት፤ አማካይ ርዝመቱ አምስት ምልክት ብቻ ነው፤ እንደ አጋቶክሊስ ሳንቲም በሁለት ቋንቋ የተጻፈም አልተገኘም። ቋንቋ መሆኑን የሚጠራጠሩ አሉ፤ አስኮ ፓርፖላና ኢራቫታም ማሃዴቫን ደግሞ ታሚልን ከመሰሉት የድራቪድ ቋንቋዎች ጋር አያይዘው አጥንተውታል። በጥር 2025 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ለፈታው ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት እንደሚሰጥ አስታውቀዋል። ሽልማቱ ፈላጊዎችን እንደሚያበዛ አልጠራጠርም፤ ፍቺው ትክክል መሆኑን የሚፈትን ረዥም ጽሑፍ እስካልተገኘ ድረስ ግን ማንኛውንም «ፈታሁት» የሚል ዜና በጥንቃቄ እንዲያነቡት እመክራለሁ።

ስለ አገራችን ለጠየቁት ማስረጃው ጥቂት ቢሆንም እውነተኛ ነው። አሾካ በስም የጠራው የዳግማዊ በጥሊሞስ ልጅ፣ ሣልሳዊ በጥሊሞስ፣ ያስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ በአዱሊስ ቆሞ እንደነበረ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጎበኘው ነጋዴው ኮስማስ ገልብጦ አቆይቶልናል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መንገድ መግለጫ ከምዕራብ ሕንድ ወደ አዱሊስ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባ እንደነበረ ይናገራል። በደብረ ዳሞ በ1940 ከ100 በላይ የሚሆኑ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ክፍለ ዘመናት ሰሜን ሕንድን የገዙ ናቸው። በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ በተባለው ጥልቅ ዋሻ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ በብራህሚ የተጻፉ ከ200 በላይ ጽሑፎች ተለይተዋል፤ ባሩካቻ ከተባለው የምዕራብ ሕንድ ወደብ የመጡ መርከበኞች ስማቸውን በግድግዳው ላይ ትተዋል፤ በዚያው ዋሻ የአክሱም ዘመን ሰዎች በእኛ ፊደል የጻፉትም አለ።

ይህን ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች የግእዝ ሆሄያት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ድምፅ መለየት የጀመሩት ከሕንድ ተምረው ነው ይላሉ። የሁለቱ ፊደሎች አሠራር መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ሐሳቡን የሚደግፉም የሚቃወሙም ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን ከላይ የተናገርሁትን መመዘኛ በራሳችንም ጉዳይ መተው አልፈልግም። የሆቅ ዋሻ የሁለቱ አገር ሰዎች አንድ ግድግዳ ላይ መጻፋቸውን ያሳያል፤ አንዱ የአንዱን ፊደል ማንበቡን የሚያሳይ ጽሑፍ ግን በግድግዳው ላይ የለም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ክፍት አድርጌ ለእርስዎ እተወዋለሁ።